የእጅ ጂፒኤስን በገዛ መሬታችን ማወዳደር፦ ልኬቱ ምን ያህል ይታመናል? የባትሪ ድንጋዩስ ስንት ሰዓት ይቆያል?

ሁለት የእጅ ጂፒኤስ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንዱ «3 ሜትር»፣ ሌላው «5 ሜትር» ቢላችሁ፣ ባለ 3ቱ ይበልጣል ብላችሁ አትደምድሙ። ያ ቁጥር መሣሪያው ስለ ራሱ የሚሰጠው ግምት ነው። የሳተላይቶቹን አቀማመጥና የሲግናሉን ጥንካሬ አይቶ «ምናልባት ይህን ያህል እሳሳታለሁ» ይላል እንጂ እውነተኛውን ቦታ አያውቀውም። አምራቾቹም ግምቱን በአንድ ደንብ አይሠሩትም፤ አንዱ ደፋር ነው፣ ሌላው ጠንቃቃ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «25 ሰዓት» የሚለውም ቢበዛ የሚደርስበት ጣሪያ እንጂ መሐል ሜዳ ላይ በውርጭ ጠዋት የምታገኙት አይደለም።

ስለዚህ ማወዳደር የሚቻለው መሣሪያዎቹን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ድንጋይና በአንድ ዓይነት ማስተካከያ ስታስኬዱ ብቻ ነው። ልኬትና ባትሪም ተለያይተው አይታዩም። ብዙ ሳተላይት የሚከታተልና በየሰከንዱ የሚመዘግብ መሣሪያ የተሻለ ይለካል፣ ግን ድንጋይ ይበላል። ማሳ ለሚለካ የግብርና ሠራተኛ፣ ተፋሰስ ለሚያሰምር ባለሙያና መንዝ ጓሳ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚዞር ጥበቃ የሚስማማው መሣሪያ የተለያየ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ማስተካከያውን አንድ አድርጉ

«ይሄ ጂፒኤስ 200 ሜትር ይስታል» የሚል ወቀሳ ስትሰሙ መሣሪያውን ከመጣላችሁ በፊት ዳተሙን፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮቹ የሚቆጠሩበትን መነሻ፣ እዩ። አብዛኞቹ የቆዩ የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ዳተም የተሠሩ ናቸው። ጂፒኤስ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ላይ ነው። በሰሜን ሸዋ አንዱን ነጥብ በሁለቱም ብታነቡት የዩቲኤም ቁጥሩ (ቦታን በዲግሪ ሳይሆን በሜትር የሚገልጸው አጻጻፍ) ወደ ምሥራቅ ከ90 ሜትር በላይ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያል፤ የሚበልጠው የደብሊውጂኤስ 84 ንባብ ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫና በአንድ መጠን ከሆነ የተቀባዩ ጥፋት አይደለም። ሁሉንም መሣሪያ ደብሊውጂኤስ 84 ላይ አድርጉ፣ የቦታ አጻጻፉንም ዩቲኤም። ዞናችን 37 ነው፤ መሣሪያው «37 ፒ» ብሎ ያሳያል። ደብረ ብርሃን ከተማ ላይ ቆማችሁ ምሥራቃዊው ቁጥር 558 ሺህ፣ ሰሜናዊው 1 ሚሊዮን 70 ሺህ አካባቢ ካልሆነ የሆነ ነገር ተሳስቷል።

ዩቲኤም የማይመቻችሁ ከሆነና በዲግሪ የምትጽፉ ከሆነ አሃዝ አትቁረጡ። በአስርዮሽ ዲግሪ ከነጥብ በኋላ አምስተኛው አሃዝ 1 ሜትር ያህል ነው። ዲግሪ፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ ጽፎ ሰከንዱን ያለ አስርዮሽ መተው ግን እያንዳንዱን ሰከንድ 31 ሜትር ያህል ያደርገዋል። ጥሩ መሣሪያ ይዞ በእስክሪብቶ ማበላሸት ማለት ይህ ነው፤ በመዝገብ ላይ ከሚታዩት ስህተቶች ብዙዎቹም ከዚህ ይመጣሉ።

ቀጥሎ እነዚህን አስተካክሉ። «ዋስ/ኤግኖስ» የሚለውን አጥፉ። ዋስ ለሰሜን አሜሪካ፣ ኤግኖስ ለአውሮፓ የተዘጋጀ ማስተካከያ ነው፤ እኛ ሰማይ ላይ ሳተላይቱ ቢታይም የሚልከው እርማት ለዚህ አገር የተሰላ አይደለም። «መንገድ ላይ ለጥፍ» የሚለውን አጥፉ፤ ካልጠፋ መሣሪያው አጠገቡ መንገድ ሲያገኝ ነጥባችሁን ጎትቶ መንገዱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ፈተናውም ይበላሻል። የትራክ (የሄዳችሁበት መስመር) አመዘጋገቡን «አውቶ» ከሚለው አውጥታችሁ በጊዜ አድርጉት፤ ለልኬት ፈተና በየ10 ሰከንዱ ይበቃል።

የሳተላይቶቹን ምርጫ በሁለት ዙር ፈትኑት። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ጂፒኤስ ብቻ ይከታተሉ፤ ይህ አንቴናውንና ተቀባዩን ብቻ ያወዳድርላችኋል። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ የሚችለውን ሁሉ፣ ማለትም የሩሲያውን ግሎናስንም የአውሮፓውን ጋሊሊዮንም፣ ይክፈት። ገደል አጠገብ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

መሣሪያው ለወራት ሳይበራ ከቆየ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ከሆነ ክፍት ሜዳ ላይ አብርታችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል ሳታንቀሳቅሱ ተዉት። ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ የሚናገረው መረጃ ሙሉ በሙሉ ተላልፎ የሚያልቀው በ12 ደቂቃ ተኩል ነው። ገና በራ ብላችሁ የመዘገባችሁትን ነጥብ ከሌላው ጋር ብታወዳድሩ የምታወዳድሩት የነቃን ካልነቃ ጋር ነው።

የት እንፈትን?

ሜዳ ላይ ሁሉም መሣሪያ ጎበዝ ነው። የእነዋሪ ጥቁር አፈር ሜዳ ወይም ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለው ገላጣ መሬት መነሻ ይሆናል፤ ርካሹም ውዱም እዚያ ተቀራራቢ ነው። የሚለያዩት ሰማይ ሲጠብብ ነው። ስለዚህ አራት ቦታ ምረጡ፦ ገላጣ ሜዳ፣ ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ የገደል ሥር፣ እና የቆርቆሮ ቤት ጥግ።

ባሕር ዛፉ ሲግናሉን ያደክማል፤ ዝናብ የመታው ቅጠል ደግሞ የበለጠ። ስለዚህ አንዱን መሣሪያ በደረቅ ቀን፣ ሌላውን ከዝናብ በኋላ አትፈትኑ። ባሕር ዛፍ ጫካ ሲባል ግን ግንዱ ቀጥ፣ ጫፉ ሳሳ ያለ ነው፤ ወፍ ዋሻ ውስጥ ከዝግባና ከጽድ ሥር ለምትሠሩ ሰዎች ፈተናውም እዚያው ጥላ ውስጥ መሆን አለበት።

የገደሉ ጉዳይ ከዛፉ ይለያል፤ እኛ አገር በደንብ ሊታይ የሚገባውም እሱ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆማችሁ ወደ ጣርማ በር ብታዩ የምዕራቡ ሰማይ በተራራው ተሸፍኗል። መሣሪያው የሚያያቸው ሳተላይቶች አብዛኞቹ በምሥራቅ በኩል ይሆናሉ። ቁጥራቸው ስድስትና ሰባት ሊሆን ይችላል፣ ግን በአንድ ወገን ስለ ተሰበሰቡ ስህተቱ በአንድ አቅጣጫ ይለጠጣል። ሰውን በሁለት ገመድ ለማሰር ገመዶቹን ከአንድ ጎን ብቻ መሳብ ማለት ነው፤ ወደዚያና ወደዚህ ይወዛወዛል። በዚህ ላይ ከገደሉ ነጥሮ የሚመጣ ሲግናል አለ። የነጠረው ሲግናል ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ መሣሪያው ሳተላይቱ የራቀ ይመስለዋል። የቆርቆሮ ጣራና ግድግዳም ይህንኑ ያደርጋሉ። የጃማ ሸለቆ ውስጥ ስትወርዱ ትራኩ ድንገት 30 ወይም 40 ሜትር ዘሎ ገደሉ ግድግዳ ላይ ቢወጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። በሁለት ድግግሞሽ፣ ማለትም ከተለመደው 1575.42 ሜጋኸርዝ ሌላ 1176.45ንም የሚቀበሉ መሣሪያዎች ዋጋቸውን የሚያስመልሱት እዚህ ነው፤ ሁለተኛው ሲግናል የነጠረውን ከቀጥታው ለመለየት የተሻለ ነው። እነዋሪ ሜዳ ላይ ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን ለዚያ ተጨማሪ ብር ማውጣት አያስፈልግም።

ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። ኢትዮጵያ ለማግኔታዊው ምድር ወገብ ቅርብ ናት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ የላይኛው አየር ኤሌክትሪካዊ ንብርብር ይረበሻል፣ ሲግናሉም ይንቀጠቀጣል፤ በተለይ በመስከረም፣ በጥቅምትና በመጋቢት አካባቢ። የልኬት ፈተና በቀን አድርጉ። መሣሪያው 13:00 ሲያሳይ የእኛ 7 ሰዓት መሆኑን መዝገባችሁ ላይ አንድ ጊዜ ጻፉና ከዚያ በኋላ በአንዱ አቆጣጠር ብቻ ቀጥሉ።

ማመሳከሪያ ነጥብ

እውነተኛው ቦታ የታወቀ ነጥብ ካገኛችሁ ፈተናው ሙሉ ይሆናል። የአገሪቱ ካርታ ሥራ ተቋም የተከለው ወይም ለከተማ ካዳስተር (ለመሬት ምዝገባ) የተተከለ የሲሚንቶ ምልክት ቁጥሩ ከዳተሙ ጋር ከተጻፈላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ቁጥሩ በየትኛው ዳተም እንደሆነ ሳይነገራችሁ አትቀበሉ።

ከሌለ የራሳችሁን ትከሉ፦ ግማሽ ሜትር ፌሮ ቀብራችሁ ዙሪያውን በሲሚንቶ ያዙት፣ ጫፉ ከመሬት 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይውጣ። ከዚያ 100 ሜትር ርቀት ላይ ሁለተኛ ፌሮ ትከሉ። መሬቱ ደልዳላ ይሁን፤ በ50 ሜትር የብረት ሜትር ሁለት ጊዜ፣ ሄዳችሁም ተመልሳችሁም ለኩ። እውነተኛውን ቦታ ባታውቁም በሁለቱ መካከል ያለው 100 ሜትር እውነት ነው፤ መሣሪያው 100 ሜትሩን ስንት ብሎ እንደሚያነብ ታያላችሁ። ጎግል ኧርዝ ላይ ያለውን ምስል ግን ማመሳከሪያ አታድርጉ፤ ምስሉ ራሱ በብዙ ሜትር የተንሸራተተበት ቦታ አለ።

አያያዝ

መሣሪያዎቹን አንድ ሜትር ተኩል ቁመት ባለው እንጨት ላይ፣ ከፌሮው በስተ ምሥራቅና በስተ ምዕራብ ግማሽ ግማሽ ሜትር አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ግማሽ ሜትሩን ኋላ በስሌት ትቀንሱታላችሁ። አናቱ ላይ ወጣ ያለ ወፍራም አንቴና ያለው መሣሪያ፣ ለምሳሌ የጋርሚን ጂፒኤስማፕ 64 እና 65፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። እንደ ጋርሚን ኢትሬክስ ያለው፣ ጠፍጣፋ አንቴና ውስጡ የተገጠመለት ደግሞ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይተኛ። ብዙ ሰው ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ይይዝና «ኢትሬክስ ደካማ ነው» ይላል፤ ሌላው ሲቆም እሱም ስላቆሙት ነው። እናንተም ቢያንስ አምስት ሜትር ራቁ። የሰው አካል አብዛኛው ውኃ ነው፣ ሲግናል ይጋርዳል። በሥራ ላይ ኪስ ውስጥ ከመክተት ትከሻ ላይ ማሰር የሚሻለውም ለዚህ ነው።

በእያንዳንዱ ቦታ አንድ አንድ ሰዓት፣ በቀን ሦስት ጊዜ አስመዝግቡ፤ ለምሳሌ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ። አንዱን ሰዓት ብቻ መውሰድ አይበቃም። ስህተቱ በየሰከንዱ የሚለዋወጥ ሳይሆን ቀስ ብሎ ለአሥርና ለሃያ ደቂቃ ወደ አንድ ወገን የሚንሸራተት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 3,600 ነጥብ ብትሰበስቡም በውስጡ ያለው አዲስ መረጃ ጥቂት ነው። ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ መብራት አለበት፤ አንዱን ዛሬ ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት ብትፈትኑ የምታወዳድሩት የሰማዩን አቀማመጥ ነው። የግድ በተለያየ ቀን ከሆነ በያንዳንዱ ቀን 4 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፤ የጂፒኤስ ሳተላይቶች አቀማመጥ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይደጋገማልና።

ስሌቱ

ትራኩን ወደ ኮምፒውተር አውርዳችሁ በኤክሴል ክፈቱት። ለእያንዳንዱ ነጥብ ከማመሳከሪያው የምሥራቅ ልዩነትና የሰሜን ልዩነት አውጡ፣ ሁለቱንም ለየብቻ በራሳቸው አባዙ፣ ደምሩ፣ ካሬ ሥሩን ውሰዱ። ያ የነጥቡ ስህተት በሜትር ነው። በየ10 ሰከንዱ ያስመዘገባችሁ ከሆነ በአንድ ሰዓት 360 ነጥብ ይኖራችኋል። ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩ። 180ኛው ላይ ያለው ቁጥር «ግማሹ ጊዜ ከዚህ አይበልጥም» የሚለው ነው። 342ኛው ደግሞ «ከ100 ጊዜ 95ቱ ከዚህ አይበልጥም» የሚለው ነው። የሚያስፈልጋችሁ ሁለተኛው ነው። ሁለት መሣሪያዎች 180ኛው ላይ እኩል ሆነው 342ኛው ላይ አንዱ 6፣ ሌላው 19 ሜትር ቢሆኑ፣ ሁለተኛው አልፎ አልፎ የሚዋሽ መሣሪያ ነው፤ መቼ እንደሚዋሽ ደግሞ ሜዳ ላይ አይነግራችሁም።

የነጥቦቹ አማካይ ከማመሳከሪያው ርቆ ነጥቦቹ ግን ተሰብስበው ከታዩ ዳተም ወይም የነጠረ ሲግናል ጠርጥሩ። ተበታትነው አማካያቸው መሐል ላይ ካረፈ ተቀባዩ ደካማ ነው፣ ግን አማካይ በመውሰድ ይረዳል። ጋርሚን የራሱን የአማካይ ነጥብ መውሰጃ ሲያስረዳ ከ4 እስከ 8 ናሙና፣ በመካከላቸው ቢያንስ 90 ደቂቃ ጠብቃችሁ ይላል። አንድ ቦታ ቆሞ ለአምስት ደቂቃ አማካይ መውሰድ ብዙም የማይጠቅመው ስህተቱ ቀስ ብሎ ስለሚንሸራተት ነው።

ከፍታን በተመለከተ ከአግድሙ ስህተት ሁለት እጥፍ ያህል ጠብቁ፤ ከእግራችን በታች ያሉትን ሳተላይቶች ምድር ትሸፍናቸዋለችና። ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ያለው፣ ለምሳሌ ኢትሬክስ 32ኤክስ፣ ለሽቅብና ቁልቁለት ይሻላል፣ ግን በአየር ጠባይ ይታለላል። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየር ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል ሲለወጥ ንባቡ 11 ሜትር ያህል ይዘላል። ጠዋት ጠዋት ከፍታው በሚታወቅ ቦታ ላይ አስተካክሉት።

ጥማድ መለካት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የእጅ ጂፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚውለው ለማሳ ስፋት ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከነጥብ ይለያል። ማሳውን ለመዞር ሦስትና አራት ደቂቃ ብቻ ከወሰደ የተንሸራተተው ስህተት ሁሉንም ማዕዘን አንድ ላይ ስለሚያንሸራትት ስፋቱን አይነካም። ስፋቱን የሚያበላሸው ማዕዘኖቹ እርስ በርስ የሚለያዩበት መጠን ነው።

50 በ50 ሜትር የሆነች፣ ማለትም ሩብ ሄክታር የሆነች ጥማድ ውሰዱ። እያንዳንዱ ማዕዘን በምሥራቅና በሰሜን 2 ሜትር ያህል ለየብቻው ቢሳሳት፣ ስፋቱ ላይ የሚጠበቀው ስህተት 140 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ከ100 እጅ 5.6። ያንኑ ስህተት 100 በ100 ሜትር ላይ ብታመጡት ከ100 እጅ 2.8 ይሆናል። 10 በ20 የሆነ የከተማ ቦታ ላይ ግን 45 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ከ200 ካሬው ከአምስት አንዱ ማለት ነው። በእጅ ጂፒኤስ የቤት ቦታ መለካትም ሆነ የወሰን ክርክር መፍረድ ሰውን መበደል ነው፤ ለዚያ ሜትርና የቀያሽ መሣሪያ አለ።

መሣሪያዎችን በስፋት ስታወዳድሩ አንዱን ማሳ ሦስት ጊዜ ዙሩ፣ ሁለቱን መሣሪያ በአንድ ጊዜ በሁለቱ ትከሻ ይዛችሁ። ማዕዘን ላይ ሦስት ሰከንድ ቁሙ፣ አትቁረጡ። ሽንጡ ተዳፋት ከሆነ በሜትር የለካችሁት ከጂፒኤሱ ቢበልጥ አትደነቁ፦ ጂፒኤስ የሚሰጠው አግድም ስፋት ነው። በ100 ሜትር 30 ሜትር የሚወርድ መሬት ላይ ተዳፋቱን ይዞ የተለካው ከአግድሙ በ4 እጅ፣ 50 ሜትር የሚወርድ ላይ በ12 እጅ ያህል ይበልጣል። ተዳፋታማው አንኮበርና ሜዳማው ምንጃር አንድ ዓይነት ሒሳብ የላቸውም።

ድንጋዩ

አብዛኞቹ መሣሪያዎች ሁለት ደብል ኤ፣ ያው የግድግዳ ሰዓት የሚበላውን ድንጋይ ይወስዳሉ። ሱቅ ውስጥ አራት ዓይነት ታገኛላችሁ። ርካሹ የዚንክ ድንጋይ ለሰዓትና ለሪሞት የሚሆን ነው፤ ጂፒኤስ ውስጥ ቶሎ ይወድቃል፣ ለፈተናም አትጠቀሙበት። አልካላይን 23 ግራም ያህል ይመዝናል፣ በሙቀት ጥሩ ነው፣ ብርድ ሲነካው ግን አቅሙ በጣም ይቀንሳል። የማይሞላው ሊቲየም 15 ግራም ብቻ ሆኖ ብርድ የማይበግረው ነው፤ ውድ ነው። ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ደግሞ 1.2 ቮልት ነው፣ ጥሩው ከ2,000 እስከ 2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል። «4,800» ተብሎ የተጻፈበት ካያችሁ ውሸት ነው፤ በዚህ መጠን ያንን የሚይዝ ኒኬል የለም። የወርቅ ሚዛን ያለው ሰው ጠይቃችሁ መዝኑት፦ እውነተኛው ከ26 እስከ 31 ግራም ነው። 18 ግራም ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው።

የፈተናው አካሄድ እንዲህ ነው። ከአንድ ማሸጊያ የወጡ አራት ድንጋዮች ውሰዱ። ኒኬል ከሆነ ማታውን ሙሉ፣ በአንድ ቻርጀር ሙሏቸው። መሣሪያው ውስጥ የድንጋዩን ዓይነት አስመርጡ፤ አልካላይን ላይ እንዳለ ኒኬል ካስገባችሁበት ጠቋሚው ገና ከመጀመሪያው ግማሽ ያሳያል። የስክሪኑን መብራት በ15 ሰከንድ እንዲጠፋ አድርጉ፣ ብሉቱዝና ኤሌክትሪክ ኮምፓስ ይጥፉ፣ ትራኩ በየ15 ሰከንዱ ይመዝግብ። ብዙ ኢትሬክሶች ትራክ ላይ 10,000 ነጥብ ይይዛሉ፤ በየሰከንዱ ካደረጋችሁት በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ይሞላል፣ በ15 ሰከንድ ግን ከ41 ሰዓት በላይ ይበቃችኋል። ከዚያ አብርታችሁ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ተዉት። ድንጋዩ ሲያልቅ አጠገቡ መሆን አይጠበቅባችሁም፤ የመጨረሻው ነጥብ ላይ የተጻፈው ሰዓት መሣሪያው የጠፋበት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። መሣሪያውን ቤት ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ጠረጴዛ ላይ ትቶ መፈተን። ሳተላይት ሲያጣ ሳያቋርጥ ይፈልጋል፣ ፍለጋው ደግሞ ከመደበኛው ሥራ የበለጠ ይበላል። ደካማ ተቀባይ ያለው መሣሪያ በዚህ ፈተና ባትሪውም ደካማ ይመስላል።

በሁለተኛው ዙር ድንጋዮቹን አቀያይሩ፤ የኢትሬክሱን ለጂፒኤስማፑ፣ የዚያን ለዚህ። ልዩነቱ ድንጋዮቹን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። 2,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የያዙ ድንጋዮች 16 ሰዓት ካስኬዱ መሣሪያው በአማካይ 125 ሚሊአምፔር ይወስዳል ማለት ነው፤ 25 ሰዓት ካስኬዱ 80። ይህችን ቁጥር ጻፏት፤ ድንጋይ ብትቀይሩም ስንት ሰዓት እንደምትሄዱ ከእሷ ታሰላላችሁ።

ሦስተኛው ዙር ብርዱ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ ውርጭ ሲጥል ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምራችሁ ሞክሩት። አልካላይን የገባበት መሣሪያ ጠቋሚው ባዶ አሳይቶ ይጠፋል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ደግሞ እንደገና ይነሳል። ድንጋዩ አላለቀም፣ ደንዝዟል። መለዋወጫውን በርኖስ ሥር፣ ሰውነት ጋ አስጠግታችሁ ያዙ፣ መሣሪያው ውጭ ይሁን። ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ችግሩ ይገለበጣል፦ መኪና መስታወት ሥር አትተዉት፣ ውስጡ የተገጠመ ሊቲየም ያለውንም በዚያ ሙቀት ቻርጅ አታድርጉ።

የትኛውን?

አምራቹ ለኢትሬክስ 22ኤክስና 32ኤክስ እስከ 25 ሰዓት፣ ለጂፒኤስማፕ 65 እስከ 16 ሰዓት ይላል። 65ቱ ሁለት ድግግሞሽ ይቀበላል፤ ደብረ ሲናና ጃማ ላይ የተሻለ ነው፣ ለዚያ የሚከፍለው በድንጋይ ነው። ጂፒኤስማፕ 67 ሁለት ድግግሞሽም ይቀበላል፣ በአንድ ቻርጅ እስከ 180 ሰዓትም ተብሎለታል፤ ግን ባትሪው ውስጡ የተገጠመ ነው፣ ካለቀ ሱቅ ሄዳችሁ የምትለውጡት አይደለም። መብራት ለሚቆራረጥበት ወረዳ ፓወር ባንክ አብሮ ይገዛ። ኢትሬክስ ኤስኢ በሁለት ደብል ኤ እስከ 168 ሰዓት ተብሎለታል፣ ስክሪኑ ላይ ካርታ የለውም፣ ሁለት ድግግሞሽም አይቀበልም። ለጓሳ ዓይነት የረጅም ቀን ዙረት እኛ የምንመርጠው እሱን ነው፤ ለገደል ሥር ልኬት 65ን ወይም 67ን። ለእነዋሪ ማሳ 22ኤክስ ይበቃል።

መሣሪያው ከአንድ ሳምንት በላይ የማይሠራ ከሆነ አልካላይኑን አውጡት። ካፈሰሰ በኋላ የምታዩት ነጭ ዱቄት አልካሊ ነው፣ የብረቱን ምላስ ይበላል። ጥጥ በሎሚ ውኃ ነክራችሁ ምላሱን ጥረጉት፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ፣ አዲስ ድንጋይ ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ክፍቱን አሳድሩት።